ጽጌረዳን ከዘር ማብቀል፤ አበባውንና ፍሬውንም ለምግብ ማዋል

አዲስ ችግኝ (ክሩን የከፈተ)

ውድ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ።

በአጥሬ ጥግ ለብዙ ዘመን የኖረ ጽጌረዳ አለኝ። አበባው ድርብ ሳይሆን አምስት ቅጠል ብቻ ያለው ነጠላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መዓዛው ግቢውን ይሞላዋል። ዘንድሮ የረገፉትን አበቦች ሳልቆርጥ ስለተውኳቸው ክብ ፍሬዎች አፍርቷል፤ ፍሬዎቹም አሁን ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካንማ መዞር ጀምረዋል። ሐሳቤ ከእነዚህ ፍሬዎች ዘር አውጥቼ በአጥሩ ርዝመት ልክ ችግኝ ማፍላት፣ ችግኞቹ አድገው ሲያብቡም አበባውን ለሻይና ለማርማላታ፣ ፍሬውንም ለሽሮፕ ማዋል ነው።

ከመጀመሬ በፊት ግን ልምድ ያላችሁን ልጠይቅ። የጽጌረዳ ዘር ግትር ነው፣ ቢዘሩትም አይበቅልም ሲባል በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው? ቢበቅልስ የእናቱን መዓዛ ይዞ ይወጣል? ደግሞስ ጽጌረዳ ሁሉ ይበላል ማለት ይቻላል ወይስ የሚለይ አለ? ፍሬው ሳይረግፍ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


ነጭ እሾህ

ሰላም ለእርስዎም ይሁን።

እኔ በዘሩ ባይደክሙ እላለሁ። የሚፈልጉት ያንኑ መዓዛ በአጥሩ ሙሉ ማግኘት ከሆነ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሻላል። አበባው ከረገፈ በኋላ ከዚያው ዓመት እድገት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ይቁረጡ፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀርተው የታችኛዎቹን ያንሱ፤ ግማሹን አሸዋ በበዛበት እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብረው ከቀጥተኛ ፀሐይ ያርቁት። አፈሩ ሳይደርቅ ከቆየ በሁለት ወር ውስጥ ሥር ያወጣል። የሚያገኙትም ያው ራሱ ቁጥቋጦ ነው፤ አበባውም፣ መዓዛውም፣ እሾሁም አይለወጥም።

ዘር ግን ሎተሪ ነው። ወራት ጠብቀው፣ ከዚያ ዓመታት አሳድገው፣ በመጨረሻ ሽታ የሌለው አበባ ሊያወጣልዎ ይችላል።


ዘር ሰብሳቢ

የነጭ እሾህ ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። ቅርንጫፍ መትከል ያለውን ይደግማል እንጂ አዲስ አያመጣም፤ በእናቱ ላይ ያለ የቫይረስ በሽታም ካለ አብሮ ይተላለፋል። ከሁሉ በላይ ግን ጠያቂያችን አበባው አምስት ቅጠል ብቻ ነው ማለታቸውን ልብ እንበል። ነጠላ አበባ ያላቸው ጽጌረዳዎች በብዛት የዱር ዝርያዎች ወይም ለዱሩ ቅርብ የሆኑ ናቸው። የድርቡ አበባ ተጨማሪ ቅጠሎች የወንዴ አካላቱ ተለውጠው የሆኑ በመሆናቸው አበባው በደረበ ቁጥር የአበባ ዱቄቱ ይቀንሳል፤ ፍሬም አብሮ ያንሳል። እርስዎ ዘንድ ያለው በወጉ ያፈራ ስለሆነ ከዘር ለመጀመር ከዚህ የተሻለ አያገኙም።

አሁን ወደ «ግትርነቱ» ልምጣ። የጽጌረዳ ዘር የሚተኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ልባሱ ነው፤ ከፍሬው ውስጥ የምናወጣው ጠንካራ ቅንጣት በእንጨት የመሰለ ሽፋን የተዘጋ ሲሆን ፅንሱ ይህን ሽፋን ገፍቶ መክፈት አለበት። ሁለተኛው ኬሚካል ነው፤ በሽፋኑና በዘሩ ቆዳ ውስጥ አብሲሲክ አሲድ የሚባል፣ መብቀልን የሚገታ ንጥረ ነገር ተከማችቷል። ይህ ንጥረ ነገር እየቀነሰ የሚሄደው ዘሩ እርጥበትና ቅዝቃዜን በአንድነት ለረጅም ጊዜ ሲያገኝ ነው። በብርድ አገር ክረምቱ ይህን ሥራ ይሠራል፤ ብርድ በሌለበት ደግሞ በማቀዝቀዣ መተካት ይቻላል። ደረቅ ዘር በደረቅ ፖስታ አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ማኖር ግን ዘሩን ከማቆየት በቀር ከእንቅልፉ አያነቃውም፤ እርጥበቱ የግድ ነው።

አካሄዱን በዝርዝር ልንገርዎ። ፍሬው ከአበባው በኋላ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ሲቆይ ይበስላል። የሚለቀመው ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከዞረ በኋላ፣ ነገር ግን ሳይጨማደድና ሳይደርቅ ነው፤ በተክሉ ላይ የደረቀ ፍሬ ዘሩ ይበልጥ ጠልቆ ይተኛል። ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቀው ዘሩን በትንሽ ማንኪያ ይዛቁ። እዚህ ላይ ጓንት ያስፈልጋል፤ ዘሮቹን የከበበው ደቃቅ ፀጉር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ክፉኛ ያሳክካል። ዘሩን በወንፊት ላይ ደጋግመው አጥበው የሥጋውን ቅሪት ሁሉ ያስወግዱ፤ የቀረ ሥጋ ሻጋታ ይጠራል፣ መብቀልንም ይገታል።

ብዙ ሰዎች ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምረው የተንሳፈፈውን ይጥላሉ። እኔ አልጥልም። መንሳፈፍ ዘሩ ባዶ መሆኑን ሊያመለክት ቢችልም በሽፋኑ ውስጥ በታሰረ አየር ምክንያት የሚንሳፈፍ ጤነኛ ዘርም አለ። ለይተው በሌላ ዕቃ ይዝሩት እንጂ አይድፉት።

የታጠበውን ዘር እርጥብ አሸዋ ወይም እርጥብ የወረቀት ፎጣ ውስጥ አድርገው፣ በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት ይዘውት፣ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የማቀዝቀዣ ክፍል ያኑሩት፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። እርጥበቱ ፎጣው ሲጨመቅ ውሃ የማይንጠባጠብበት ልክ ይሁን። ለብዙ ዝርያዎች ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይበቃል። ሮዛ ሙልቲፍሎራ ከዚህም ባጠረ ጊዜ ይነቃል፤ ሮዛ ሩጎሳ ደግሞ እስከ 16 ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ሮዛ ካኒና ከሁሉም የባሰ ነው፤ እርሱ መጀመሪያ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ለ2 ወር ወይም ከዚያ በላይ በእርጥበት ቆይቶ ከዚያ ወደ ቅዝቃዜ ሲገባ ነው የሚነቃው። በዱር ሲኖር በመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን በሁለተኛው የሚበቅለው ለዚህ ነው።


ሥር ተመልካች

ዘር ሰብሳቢ ስለ ማብቀሉ በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ «የእናቱን መዓዛ ይዞ ይወጣል ወይ» የሚለውን ልያዝ።

መልሱ በአባቱ ይወሰናል። የዱር ጽጌረዳዎች መሠረታዊ የክሮሞዞም ቁጥር 7 ሲሆን ብዙዎቹ 14 ክሮሞዞም አላቸው፤ ከእነዚህ ውስጥም አብዛኞቹ በራሳቸው የአበባ ዱቄት አያፈሩም። ስለዚህ የእርስዎ ቁጥቋጦ ካፈራ ንቦች ከሌላ ጽጌረዳ የአበባ ዱቄት አምጥተውለታል ማለት ሊሆን ይችላል። በአካባቢው ያለው ያንኑ ዝርያ ብቻ ከሆነ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። በአጠገቡ ሽታ የሌለው ዘመናዊ ድርብ ጽጌረዳ ካለ ግን አባቱ እርሱ ሊሆን ይችላል፤ የዘመናዊዎቹ አብዛኞቹ 28 ክሮሞዞም ስላላቸው ከ14ቱ ጋር ሲገናኙ 21 ያለው፣ አበባ ቢያወጣም ፍሬ የማይይዝ መካን ችግኝ ይወለዳል። ለሽሮፕ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ልዩ የሆነው ሮዛ ካኒና ነው። እርሱ 35 ክሮሞዞም አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ በአበባ ዱቄቱ በኩል የሚያልፉት 7 ብቻ ሲሆኑ በእንቁላሉ በኩል 28 ያልፋሉ። ልጁ ከአምስት እጅ አራቱን ከእናቱ ስለሚወርስ አባቱ ማንም ይሁን ማን እናቱን መምሰሉ አይቀርም። ከዘር ተበትኖ አጥር ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥቋጦ መስጠት ከሚችሉት ዝርያዎች አንዱ ያደረገውም ይኸው ነው።

አባቱን በእጅዎ መምረጥ ከፈለጉ በሚቀጥለው የማበቢያ ወቅት እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል ቅጠሎቹንና የወንዴ አካላቱን በጥንቃቄ አንስተው በስስ ከረጢት ይሸፍኑት። በማግስቱ የእንስቷ ጫፍ ሲያጣብቅ ከመረጡት መዓዛማ አበባ የወሰዱትን ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ይቀቡበት፤ መልሰው ይሸፍኑትና የሁለቱን ወላጆች ስም ጽፈው ያንጠልጥሉበት። ሥራው ይኸው ነው፤ የጽጌረዳ አዳቃዮችም ዛሬ ድረስ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ መዓዛው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ፓፓ ሜያን የተባለውን መዓዛማ የጽጌረዳ ዓይነት ሩዥ ሜያን ከተባለው ሽታ አልባ ጋር አነጻጽረው፣ የጽጌረዳ ሽታ ዋነኛ ክፍል የሆነውን ጄራኒዮል የተባለ ውህድ ለማምረት ኑዲክስ ከሚባሉት ኢንዛይሞች አንዱ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት ሌሎች መዓዛማ ተክሎች በሚጠቀሙበት መንገድ ይመረት ይመስል ነበር። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቀለም የሚያሳምረውና ሽታ የሚሰጠው ዘረመል የተለያዩ ስለሆኑ ለቀለምና በማስቀመጫ ውስጥ ሳይረግፍ ለመቆየት ሲባል ለብዙ ትውልድ የተመረጠ ጽጌረዳ ሽታውን መንገድ ላይ ቢጥል አያስደንቅም። ስለዚህ ለምግብ የሚሆን ችግኝ ሲመርጡ የአበባውን መልክ ትተው አፍንጫዎን ይመኑ።


ደገኛ

ሥር ተመልካች የዱር ዝርያዎችን ሲጠቅሱ ቀጋን ሳይጠሩ ማለፋቸው ስለቆረቆረኝ ነው የገባሁት። ቀጋ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ሲሆን በዚህ ስም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1820 እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሌይ ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው ሥራ ነው። ነጭ፣ ነጠላና መዓዛማ አበባ አለው፤ ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይዞራል፣ ይበላልም። እሾሁ ወደ ታች የተቆለመመ ስለሆነ አጥር ቢያደርጉት ሰውም ከብትም አይደፍረውም። ደጋ የሚወድ ተክል ነው። የጠያቂው ቁጥቋጦ ሮዝ ቀለም ካለው ቀጋ አይደለም፤ ነጭ ከሆነ ግን ሊጠረጠር ይገባል።


አዲስ ችግኝ

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለደገኛ፦ አበባው ደማቅ ሮዝ ነው፤ ቅጠሉ የተጨማደደና ወፍራም፣ ግንዱ ደግሞ በቀጫጭን እሾህ ጥቅጥቅ ያለ፣ ፍሬውም ከላይና ከታች ጠፍጠፍ ያለ ትንሽ ቲማቲም የሚያህል ነው።

ዘር ሰብሳቢን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከማቀዝቀዣው ከወጣ በኋላስ? ከረጢቱ ውስጥ እያለ ሻጋታ ቢይዘው መጣል አለብኝ?


ዘር ሰብሳቢ

እንደገለጹት ከሆነ የእርስዎ ሮዛ ሩጎሳ ወይም ከእርሱ የተወለደ ነው። የተጨማደደው ቅጠልና ጠፍጣፋው ፍሬ መለያዎቹ ናቸው። ደስ ሊልዎ ይገባል፤ ለምግብ ከሚሆኑት ጽጌረዳዎች ሁሉ እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው። ፍሬው ትልቅና ሥጋማ፣ አበባው መዓዛማ፣ ቅጠሉም ጥቁር ነጠብጣብ ከሚባለው በሽታና ነጭ ዱቄት ከሚያለብሰው ሻጋታ የተጠበቀ ነው። መድኃኒት ሳይረጩ ማሳደግ መቻልዎ ደግሞ ለማጀት ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ እንዲያውም ድኝ ያለበት መርጫ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ሻጋታ ቢታይ ዘሩን አይጣሉ። በውሃ አጥበው አዲስ ፎጣ ይቀይሩለት። አንዳንዶች ዘሩን ወደ ከረጢቱ ከማስገባታቸው በፊት በቀጠነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይነክሩታል፤ ጉዳት የለውም፣ ሻጋታውንም ይቀንሳል። ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ ከረጢቱን በየሳምንቱ ከፍተው ይመልከቱ። ከዘሩ ጫፍ ነጭ ሥር ብቅ ያለበትን ወዲያው አውጥተው፣ ሥሩን ወደ ታች አድርገው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሰው ይትከሉት። ሥሩ ከረዘመ ፎጣው ላይ ይጣበቅና ሲነቀል ይሰበራል።

ያልበቀሉትን ጊዜያቸው ሲሞላ አሸዋና ኮምፖስት በተቀላቀለበት ቀላል አፈር ላይ በዚያው ጥልቀት ይዝሩ። ከዚህ በኋላ የሚስማማቸው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ብዙዎች «ሞቅ ሲል ቶሎ ይበቅላል» ብለው ሙቅ ቦታ ያኖሩታል፤ የጽጌረዳ ዘር ግን ከቅዝቃዜ ወጥቶ በድንገት ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ተመልሶ ሊተኛ ይችላል።

መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ክብ የዘር ቅጠሎች ናቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጠርዙ የተሰነጠቀ እውነተኛው ቅጠል ነው። በእነዚህ ሳምንታት ችግኝ የሚገድለው አንድ ነገር ካለ ግንዱን በአፈሩ ወለል ላይ የሚያቀጥነውና የሚያጋድመው የሻጋታ በሽታ ነው። መድኃኒት አይፈልጉ፤ ውሃውን ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ዕቃውን ውሃ ባለበት ዝርግ ሳህን ላይ አስቀምጠው ከታች እንዲስብ ያድርጉ፣ የአፈሩ ገጽ በመሃል ይድረቅ፣ ነፋስም ይግባ። ዕቃውን በላስቲክ ሸፍኖ ማላብ ለዚህ በሽታ በር መክፈት ነው። አራት እውነተኛ ቅጠሎች ሲያወጣ ወደ ራሱ መያዣ ያዛውሩት፤ ሲያዛውሩ በቅጠሉ እንጂ በግንዱ አይያዙት።

ቋሚው ቦታ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝና ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ሩጎሳ አሸዋማ መሬትና የባሕር ጨው ያለበትን ነፋስ ሳይቀር ይችላል፤ ሸክላ አፈር ላይ ግን ውሃ ሲያቁርበት ያኮርፋል።


ነጭ እሾህ

ስለ ሩጎሳ ውዳሴው በዛ፤ ሌላውንም ወገን እናንሳ። ይህ ተክል ከሥሩ ዘወትር አዲስ ቡቃያ እያወጣ በመሬት ውስጥ ይስፋፋል። ትውልዱ በምሥራቅ እስያ ጠረፍ ሲሆን ወደ ሰሜን አውሮፓ ከተወሰደ በኋላ የባሕር ዳር አሸዋ ክምሮችን ወርሶ የአገሬውን ዕፅዋት እያፈናቀለ ይገኛል። ሮዛ ሙልቲፍሎራም በሰሜን አሜሪካ ለአጥርና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ከተተከለ በኋላ የግጦሽ መሬት ወራሪ ሆኗል። ዘሩን ወፎች ስለሚበትኑት አጥር አያግደውም። ፍሬውን ለምግብ ከለቀሙት ግን ግማሹን ችግር አቃለሉት ማለት ነው፤ ለቀረው ደግሞ ከመስመሩ ውጭ የወጣውን ቡቃያ በየዓመቱ ከሥሩ መንቀል ነው። ከጫካና ከወንዝ ዳር አጠገብ ግን ባይተክሉት ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ፤ ከዘር የበቀለው በራሱ ሥር ስለሚቆም በክተባ (በሌላ ዝርያ ሥር ላይ ተጣብቆ) እንደተዘጋጀው ችግኝ ከታች የሌላ ዝርያ ቡቃያ ወጥቶ የላይኛውን አይውጠውም።


የማጀት ሰው

የጠያቂው ሦስተኛ ጥያቄ እስካሁን ሳይነካ ቆይቷል፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት ለእርሱ ነው።

የእውነተኛ ጽጌረዳ፣ ማለትም የሮዛ ወገን የሆነ ሁሉ አበባው አይመርዝም። አደጋው ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከአበባ ሻጭ የሚገዛው ነው፤ እርሱ ለዓይን እንጂ ለአፍ ስላልተመረተ ፀረ ተባይና ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ተረጭቶበታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ወደ ተክሉ ውስጥ ስለሚሰርጉ ማጠብ አያስለቅቃቸውም። ሁለተኛው በአንዳንድ ቋንቋዎች የጽጌረዳ ስም የተሰጣቸው ሌሎች ተክሎች ናቸው። የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው አዴኒየም ልብን የሚያውክ መርዝ አለው፤ የገና ጽጌረዳ የሚባለው ሄሌቦረስም እንዲሁ መርዛም ነው። ሁለቱም የሮዛ ወገን አይደሉም።

አበባው የሚለቀመው በፈነዳበት ቀን፣ ጤዛው እንደደረቀና ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው። መዓዛው የሚተን ዘይት ስለሆነ እኩለ ቀን የተለቀመ አበባ መልኩ ያው ሆኖ ሽታው የሳሳ ነው። በቡልጋሪያ ካዛንላክና በቱርክ ኢስፓርታ የዳማስቆ ጽጌረዳ ለዘይት የሚያመርቱት ገበሬዎች ጎህ ሲቀድ የሚወጡት ለዚሁ ነው፤ 1 ኪሎ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ አበባ እንደሚያስፈልግ ሲታሰብ አንድ ጠዋት ማርፈድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይገባል። ከለቀሙ በኋላ እያንዳንዱን ቅጠል ገልብጠው ሥሩን ቢመለከቱ ነጣ ያለ ጫፍ ያያሉ፤ ይህ ክፍል መራራ ስለሆነ በመቀስ ይቆረጣል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለማርማላታ ግን አይዘለልም። ለሻይ ቢተዉት እምብዛም አይታወቅም።

ለማድረቅ በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ በስሱ ተዘርግቶ ነው። ምድጃ ከተጠቀሙ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። በእጅ ሲነኩት ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ ብርሃን በማይገባው ማሰሮ ይከድኑት።

ለማርማላታ 100 ግራም የአበባ ቅጠል በ200 ግራም ስኳርና በአንድ ሎሚ ጭማቂ በእጅ ታሽቶ ያድራል። ሎሚው እንደገባ ቀለሙ ከገረጣ ሮዝ ወደ ደማቅ ቀይ ሲዞር ያያሉ፤ የአበባው ማቅለሚያ አንቶሲያኒን ኮምጣጣ ሲያገኝ ይደምቃል፣ በአንጻሩ ቤኪንግ ሶዳን የመሰለ ነገር ቢነካው ወደ ሰማያዊነት ያደላል። በማግስቱ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ጨምረው በለዘብተኛ እሳት ቅጠሉ እስኪለሰልስና ውሃው እስኪወፍር ያብስሉት። ጽጌረዳ ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን ጥቂት ስላለው እንደ ሌላ ማርማላታ ይረጋል ብለው እሳት ላይ አያቆዩት፤ መዓዛው አልቆ ስኳር ብቻ ይቀራል።

የጽጌረዳ ውሃ ለማውጣት ሰፊ ድስት መሃል ላይ ሙቀት የሚችል ጎድጓዳ ሳህን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ቅጠሉንና ውሃውን በዙሪያው ያድርጉ፤ ክዳኑን ገልብጠው ይክደኑና ላዩ ላይ በረዶ ያኑሩ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ወደ ውሃ ተመልሶ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የሚወርደው ጠንካራው ስለሆነ ብዙ ለማግኘት ሲሉ አያራዝሙት። ቅጠሉን ቀቅሎ ማጥለል ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ባለ ቀለም የቅጠል ሻይ ይወጣዋል፣ ከፍሪጅ ውጭም ቶሎ ይበላሻል።

ወደ ፍሬው ስመጣ ለሩጎሳ ያለኝ አድናቆት ከዘር ሰብሳቢ አያንስም። የዱር ጽጌረዳ ፍሬ በ100 ግራም ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ሊይዝ ይችላል፤ ብርቱካን 50 ገደማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብርቱካን ጭነት የተቋረጠባት ብሪታንያ ከ1941 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝቡን በዘመቻ አሰማርታ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ አስለቅማ ለልጆች ሽሮፕ አስጠምቃለች። ለ1 ኪሎ ፍሬ 2 ሊትር ውሃ አፍልተው፣ ፍሬውን ፈጭተው ወዲያው የፈላው ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ ዳግም ሲፈላ አውርደው 15 ደቂቃ ያቆዩት፤ በጨርቅ ያጥልሉት። ቅሪቱን በ1 ሊትር ውሃ እንዲሁ ይድገሙት። የሁለቱን ጭማቂ ቀላቅለው ወደ 1 ሊትር እስኪወርድ ካፈሉት በኋላ 600 ግራም ስኳር ያሟሙበት። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን፤ መዳብ ቫይታሚኑን ያጠፋዋል።

ማጥለያው ጨርቅ ድርብ መሆን አለበት፤ ሁለት ጊዜ ማጥለልም ይመከራል። ቆዳን የሚያሳክከው ያ ደቃቅ ፀጉር ጉሮሮንና አንጀትንም ይቆጠቁጣል። ፍሬውን በጥሬው የሚበላ ሰውም ውጭውን ሥጋ ብቻ ገምጦ ውስጡን ይጣል።


አዲስ ችግኝ

ሁሉንም መዝግቤያለሁ። እንግዲህ የጎረቤቴን ድርብ ጽጌረዳ ስመለከት ሥር ተመልካች ያሉት ሥጋት ለእኔም ሳይሠራ አይቀርም፤ ስለዚህ ከእናቱ ጥቂት ቅርንጫፍ በነጭ እሾህ መንገድ እተክልና የቀረውን ቦታ ለዘሩ እሰጣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄዬ ከዘር የበቀለው መቼ ያብባል፣ መዓዛ የሌለውንስ መቼ ለይቼ ልንቀል የሚለው ነው።


ሥር ተመልካች

ደጋግሞ የማበብ ባሕርይ ካላቸው ወላጆች የተወለደ ችግኝ በበቀለ በጥቂት ወራት ውስጥ ትንሽ አበባ ሊያሳይ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብቡት የዱር ዝርያዎች ግን 2 ወይም 3 ዓመት ያስጠብቃሉ። በዓመት አንዴ የማበቡ ባሕርይ የበላይ ስለሆነ ከሁለቱ ወገን የተወለደ ችግኝም በአብዛኛው የሚያስጠብቀው ነው። በመጀመሪያው አበባ ግን አይፍረዱ። ያ አበባ ከጎለመሰው ያነሰና ቅጠሉም ጥቂት ነው፤ መዓዛውም እንደ ሰዓቱና እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል። ቢያንስ ሁለት የማበቢያ ወቅት ይታገሡና በጠዋት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ያንኑ አበባ በሁለት የተለያዩ ቀናት አሽትተው ይወስኑ። መዓዛ ባይኖረውም ፍሬው ትልቅ ከሆነ ደግሞ ለሽሮፕ ያቆዩት።


ዘር ሰብሳቢ

እኔም አንድ ልጨምር። የዘሩበትን ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት አልበቀለም ብለው አይድፉት። ስሙንና የተዘራበትን ወር ጽፈው በጥላ ያኑሩት፤ አፈሩን ሳያደርቁ ቀጣዩን የብርድ ወቅት ያሳልፉት፣ ብርድ ከሌለ ዕቃውን እንዳለ ለ2 ወር ተኩል ያህል ወደ ማቀዝቀዣው ይመልሱት። ከሩጎሳ ዘር ከፊሉ በሁለተኛው ዙር ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ፍሬዎቹን ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ በስስ ጨርቅ ከረጢት ይሸፍኗቸው፤ ቀለማቸው እንደዞረ ወፎች ይቀድሙዎታል።